«ቅድሚያ 40፣ መሠረት ሲያልቅ 25፣ ቆርቆሮ ሲመታ 20» የሚል የቤት ግንባታ ውል ከቀረበላችሁ አትፈርሙ

ደሴም ሆነ ኮምቦልቻ፣ ሐይቅም ሆነ ወልድያ ቤት ልታሠሩ ያሰባችሁ ሁሉ፣ ብር ከመቁጠራችሁ በፊት ይህን አንብቡ። የሚቀርብላችሁ ውል አንድ ሁለት ገጽ ነው። ጥቅል ዋጋ ይጻፍበታል፣ «በፕላኑ መሠረት ሠርቶ ቁልፍ ያስረክባል» ይላል፣ ከዚያ ክፍያው ይከተላል፦ ሲፈረም 40 በመቶ፣ መሠረት ሲያልቅ 25፣ ቆርቆሮ ሲመታ 20፣ ቁልፍ ሲያስረክብ 15። ዋጋው ከሌሎቹ ተጫራቾች ዝቅ ያለ ነው። ኮንትራክተሩም «አብሽሩ፣ እንደ ራሴ ቤት ነው የምሠራው» ይላችኋል። ዋጋውን ለጊዜው ተዉትና ክፍያውን አስሉት።

ቤቱ 4 ሚሊዮን ብር ነው እንበል። ስትፈርሙ 1.6 ሚሊዮን ሰጣችሁ። መሠረቱ ሲያልቅ 1 ሚሊዮን ጨመራችሁ። ቆርቆሮ ሲመታ 800 ሺህ። እስካሁን 3.4 ሚሊዮን ወጥቷል፤ በእጃችሁ የቀረው 600 ሺህ ብቻ ነው። የቀረው ሥራ ግን ልስን፣ በርና መስኮት፣ ሴራሚክ፣ ኤሌክትሪክ፣ ቧንቧና ቀለም ነው። ይህ ከጠቅላላው 40 በመቶ ቢሆን 1.6 ሚሊዮን ይፈጃል። 600 ሺህ ለመቀበል 1.6 ሚሊዮን የሚያወጣ ሰው የለም። ስለዚህ ኮንትራክተሩ ክፉ ባይሆን እንኳ ስልክ ማንሳት ያቆማል፣ ወይም «ዕቃ ጨምሯል፣ ውሉን እናሻሽል» ይላል። ውሉ ራሱ ጥለህ ሂድ እያለው ነው።

የደህናው ውል አሠራር ሌላ ነው። ቅድመ ክፍያው ከ20 በመቶ አይበልጥም፣ ኮንትራክተሩ ገንዘቡን ይዞ ቢጠፋ የሚከፍል ዋስትና ይቀርብበታል፣ ከየክፍያው እየተቀነሰ ይመለሳል። ሥራው 80 በመቶ ሲደርስ ተመልሶ እንዲያልቅ ከፈለጋችሁ ከእያንዳንዱ ክፍያ 25 በመቶ ቀንሱ። በላዩ 5 በመቶ መያዣ ያዙ፤ ጉድለት ቢገኝ ማስጠገኛ እንዲሆን በእጃችሁ የሚቆይ ገንዘብ ነው። ለምሳሌ በልኬት የ600 ሺህ ብር ሥራ ተሠርቶ ከሆነ፣ 150 ሺህ ለቅድሚያው፣ 30 ሺህ ለመያዣ ተቀንሶ 420 ሺህ ይከፈላል። የመያዣውን ግማሽ ቤቱን ሲያስረክባችሁ፣ ግማሹን ከአንድ ዓመት በኋላ ስጡት፤ ጣሪያው ማፍሰሱ የሚታወቀው አንድ ክረምት ሲያልፍበት ነውና።

ስለ ዋስትናው ጥቂት ልጨምር። የባንክ ዋስትና ይሻላል። የኢንሹራንስ ቦንድ (የኢንሹራንስ ድርጅት የዋስትና ወረቀት) ካመጣ «በመጀመሪያ ጥያቄ፣ ያለ ቅድመ ሁኔታ ይከፈላል» የሚል ቃል ፈልጉበት። ቅድመ ሁኔታ ያለበት ቦንድ ጥፋቱን አስረዱ ይላችኋል፤ ያ ደግሞ የዓመት ክርክር ነው። የሚያበቃበትን ቀንም ጻፉት፤ ቦንዱ ሞቶ ሥራው በግማሽ የሚቀርበት ጊዜ ብዙ ነው። ዋስትና ማቅረብ የማይችል ትንሽ ተቋራጭ ከሆነ ቅድሚያውን ተዉትና ሲሚንቶና ፌሮውን ራሳችሁ ግዙ፣ እሱን በእጅ ዋጋ አሠሩት።

«እኔ ዝርዝር ዋጋ አለኝ፣ በልኬት ነው የምከፍለው» የምትሉም አትዘናጉ። በዝርዝሩ ላይ ቁፋሮውና የድንጋይ ግንቡ ተጋኖ፣ ቀለምና ሴራሚኩ ረክሶ ሊጻፍ ይችላል። ድምሩ ያው ነው፣ ገንዘቡ ግን ከፊት ይወጣል። የሁለት ሌሎች ተጫራቾችን ነጠላ ዋጋ ጎን ለጎን አስቀምጡና የመሠረቱን መስመሮች ብቻ አወዳድሩ። 15 በመቶው ቫት በዋጋው ውስጥ መሆኑም ይጻፍ፤ ዝም ከተባለ በ4 ሚሊዮኑ ላይ 600 ሺህ ብር ሊጨመርባችሁ ይችላል።

የወሎ መሬት ላይ ደግሞ ውል የሚፈርሰው ገና ከቁፋሮው ነው። «ቁፋሮ እስከ 1 ሜትር ጥልቀት» የምትል አጭር ሐረግ ትኖራለች፤ አትለፏት። ደሴ ተዳፋት ናት፤ መሠረቱ ደረጃ እየሠራ ይወርዳል፣ የአፈር መደገፊያ ግንብ ይጠይቃል፣ ከጦሳ ተራራ በኩል የሚወርደው ውሃም መፋሰሻ ይፈልጋል። ወደ ቆላው፣ በቦርከና ሜዳ በኩል፣ ጥቁር አፈር ያለበት ቦታ ከሆነ አፈሩ ክረምት አብጦ በጋ ይሰነጠቃል፤ ተቆርጦ ወጥቶ በሰለክት ማቴሪያል (በተመረጠ የማያብጥ አፈር) መተካት አለበት። ይህ ሁሉ ከ1 ሜትር በታች ሲሆን «ተጨማሪ ሥራ» ይባልና ዋጋው በቃል ይነገራችኋል። መፍትሔው ርካሽ ነው፦ ከመፈረማችሁ በፊት ቦታው ላይ ሁለት ሦስት የሙከራ ጉድጓድ አስቆፍሩ፣ መሐንዲስ ይየው፣ ከ1 ሜትር በታች ላለው ቁፋሮ፣ ሙሌትና ግንብ የሜትር ኩብ ዋጋ አሁኑኑ ውሉ ውስጥ ይግባ። ተጨማሪ ሥራ በጽሑፍ ሳይታዘዝ ቢሠራ አይከፈልም የሚል አንቀጽም ይኑር።

ጊዜውን በተመለከተ፣ «ዝናብ ስለነበረ» የሚለው ምክንያት እዚህ አገር ዓመቱን ግማሽ ይበላል፤ በልግም ክረምትም አለና። የተለመደው ዝናብ የጊዜ ማራዘሚያ አይሆንም ብላችሁ ጻፉ፣ የመዘግየት ቅጣቱንም በቀን ከውሉ ዋጋ 0.1 በመቶ፣ ቢበዛ እስከ 10 በመቶ ብላችሁ አስቀምጡ።

«የራሴ ኢንጂነር በነፃ ይቆጣጠርላችኋል» ከተባላችሁ አመስግናችሁ እምቢ በሉ። ተቆጣጣሪውን የምትቀጥሩትም የምትከፍሉትም እናንተ ናችሁ። አርማታ ከተሞላ በኋላ የሚታይ ነገር የለምና ተቆጣጣሪው ሳይፈርም ፉቲንግም (የኮለን መሠረት) ኮለንም (ምሰሶ) ሶሌታም (የአርማታ ወለል) አይሞላ። ፌሮውን በሚዛን ተረከቡ፦ 12 ሜትር የሆነው አንድ ቤርጋ (አንድ ዘንግ ፌሮ) ባለ 12 ሚሊ ሜትር ከሆነ 10.6 ኪሎ፣ ባለ 14 ከሆነ 14.5፣ ባለ 16 ከሆነ 19 ኪሎ ገደማ ይመዝናል። ባለ 14 ተብሎ 13 ኪሎ የመዘነ ባለ 14 አይደለም። ሲሚንቶውንም በስሌት ያዙ። 30 በ30 ሳንቲ ሜትር የሆነ፣ 3 ሜትር ቁመት ያለው 12 ኮለን 3.24 ሜትር ኩብ አርማታ ነው፤ በሜትር ኩብ 360 ኪሎ ሲሚንቶ ከተባለ ባለ 50 ኪሎ 23 ከረጢት ተኩል ገደማ ይጠይቃል። ፎርማኑ 15 ከረጢት መዝግቦ «ሞላ» ካለ ኮለኑ ጠጠርና አሸዋ ነው። የስታፋው (ፌሮዎቹን ዙሪያ የሚያስረው ቀለበት) ጫፍ ወደ ውስጥ 135 ዲግሪ መታጠፉን፣ በኮለኑ ራስና እግር ላይ መጠጋጋቱንም እዩ። ይህ ኮለኑን ከመሬት መንቀጥቀጥ የሚጠብቅ ነው፤ በ1953 ዓ.ም የካራ ቆሬን ከተማ የመታው የመሬት መንቀጥቀጥ ሩቅ አገር አልነበረም፤ እኛም ያው የስምጥ ሸለቆው ጠርዝ ላይ ነን።

ፈራሚው ማን እንደሆነ አጣሩ። በተከራዩት ፈቃድ የሚሠሩ አሉ፤ ፈቃዱ የሌላ፣ ፊርማው የሌላ፣ የባንክ ሒሳቡ የሦስተኛ ሰው። የታደሰ ፈቃድና ደረጃውን፣ ፈራሚው ባለቤቱ ካልሆነ የተረጋገጠ ውክልና ጠይቁ፤ ክፍያውንም ፈቃዱ ላይ ባለው ስም ወደተከፈተ ሒሳብ ብቻ አስገቡ። ውሉ ላይ ሁለት ምስክር ይፈርም። «ከርክክብ በኋላ ኃላፊነት የለብኝም» የሚል መስመር ካለ አትደንግጡ፤ በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 3039 ተቋራጩ ለሥራው ጥራትና ጥንካሬ 10 ዓመት ዋስ ነው፣ በውልም ሊያሳጥረው አይችልም።

«ዋጋ ሲጨምር በስምምነት ይስተካከላል» የሚለውን አስፍቁት። ማስተካከያ ካስፈለገ ለፌሮ፣ ለሲሚንቶና ለቆርቆሮ ብቻ ይሁን፤ የፈረማችሁበት ቀን ዋጋ በፕሮፎርማ ይያያዝ፣ በቅድሚያው ገንዘብ የሚገዛው ዕቃም ከማስተካከያው ውጭ ይሁን።

ፈርማችሁ ከሆነና ሥራው ከቆመ ቀጣዩን ክፍያ አትልቀቁ፤ ሰውየውንም ዝም ብላችሁ አታባርሩ። በመጀመሪያ፣ ቀነ ገደብ የሚቆርጥ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ስጡት፣ የደረሰበትን ማስረጃ ያዙ። ቀጥሎ መሐንዲስ፣ ኮንትራክተሩና ሁለት ምስክር ባሉበት የተሠራውን አስለኩ፣ ሳይት ላይ የቀረውን ዕቃ አስቆጥሩ፣ ፎቶ አንሱ። ኮንትራክተሩ ባይመጣም ጥሪው የደረሰው መሆኑ ይመዝገብ። ጉዳዩ ወደ ሽምግልና መግባቱ አይቀርም፤ አበጋሩም (የወሎ ባህላዊ አስታራቂ) ሆነ የሰፈር ሽማግሌው ቁጥር ካልቀረበለት «ተቻቻሉ» ከማለት በቀር ምን ያደርጋል? ዳኛም ቢሆን የሚጠይቃችሁ ይህንኑ ልኬት ነው። ስለዚህ አዲሱ ኮንትራክተር አንዲት ብሎኬት ከማስቀመጡ በፊት ልኬቱ ተፈርሞ ይለቅ።