የ3 ቀን የስሜን ጥቅል ለተማሪዎች፦ ስካውቱ ጥሩ፣ አዳሩ አደገኛ

ለትምህርት ቤቶች የሚቀርበው የስሜን ተራሮች ጥቅል ጉዞ ሁለት ዓይነት ነው። ወረቀት ላይ አንድ ይመስላሉ፤ የሚለያቸው የመጀመሪያው ሌሊት አዳር ነው።

አንደኛው ከጎንደር ተነስቶ የፓርኩ መግቢያ በሆነችው ደባርቅ ላይ ስካውት (የታጠቀ የፓርክ ጥበቃ) እና አስጎብኚ ይዞ ሳንቃበር ካምፕ፣ 3250 ሜትር ላይ ያሳድራል፤ በማግስቱ በእግር ወደ ግጭ ካምፕ ይዘልቃል። ሁለተኛው አውቶቡሱን በቀጥታ ጨነቅ ካምፕ ያደርሰዋል፤ ሲነጋ ቧሂት ተራራ መውጣት ነው። ጎንደር 2100 ሜትር ገደማ፣ ጨነቅ 3620። ልጁ በአንድ ቀን 1500 ሜትር ወጥቶ ተኛ ማለት ነው። ከ3000 በላይ የመኝታ ከፍታ በቀን ከ500 ሜትር በላይ እንዳይጨምር ነው የሚመከረው። ሳንቃበርም ቢሆን ይበዛል፤ መጀመሪያ ደባርቅ ቢታደር ይሻላል፣ ጉዞው ግን 4 ቀን ይሆናል። ሁለተኛውን አትግዙ።

ወላጅ የሚፈራው ገደሉን ነው። ለገደሉ መንገዱን የሚያውቅ ስካውት አለ፤ በዚህ በኩል አገልግሎቱ የሚነቀፍ አይደለም። የሚያሳስበው ድንኳኑ ነው። በበጋ ሌሊቱ ከዜሮ በታች ይወርዳል፤ የሚታደለው የመኝታ ከረጢት ስስ ከሆነ ልጆቹ ይንቀጠቀጣሉ፣ አዛኝ ሰው ከወጥ ቤት የከሰል ምድጃ ያስገባላቸዋል፣ ዚፑ ይዘጋል። የከሰሉ መርዝ ሽታ የለውም። ምልክቱ ራስ ምታትና ማቅለሽለሽ ስለሆነም «ከፍታው ነው» ተብሎ ይታለፋል። አንድ ድንኳን ውስጥ ያሉት ሁሉ ባንዴ ከታመሙ ከሰሉን ጠርጥሩ፤ ሁሉንም ወዲያው ወደ ውጭ አውጡ፣ ሐኪምም ጋ አድርሱ።

ወደ ከፍታ ሕመሙ ስንመለስ፣ ራስ ምታትና ማቅለሽለሽ ያለበት ልጅ ሳይሻለው ከፍ አይልም። ተረከዙን ከሌላው እግር ጣት እያገናኘ በቀጥታ መስመር መራመድ ካቃተው ግን ሌሊትም ቢሆን ይውረድ፤ እስኪነጋ አይጠበቅም። ጨነቅ መንገድ ስላለው መኪና ካለ ቀላል ነው፤ ችግሩ አንዳንዱ አዘጋጅ ነዳጅ ለመቆጠብ አውቶቡሱን ደባርቅ መልሶ ማሳደሩ ነው። ግጭ ላይ ደግሞ ኮርቻ የተጫነች ትርፍ በቅሎ ያስፈልጋል፤ ጓዝ የጫነችው አትቆጠርም።

ቀብድ ከመክፈላችሁ በፊት ውሉ ላይ ይጻፍ፦ መኪናው ካምፕ ያድራል፣ ከሰል ድንኳን አይገባም፣ መምህሩ «እንመለስ» ካለ ተጨማሪ ክፍያ የለም። የመጨረሻው ላይ ብዙዎቹ አዘጋጆች ይከራከራሉ።