ለዩኒቨርሲቲ ወርክሾፕ ማን ይቀጠር? ባለ ዲግሪው ወይስ ባለ ደረጃ 4?

ለመካኒካል ትምህርት ክፍል የወርክሾፕ ቴክኒሽያን ሲፈለግ ሁለት ዓይነት ማስረጃ ጠረጴዛ ላይ ይቀርባል።

የዲግሪ ምሩቁ ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ የመውጫ ፈተና ማለፍ ግድ ሆኖበታል፤ ማለፊያው 50 በመቶ ነው። ብረት ለምን በሙቀት እንደሚለጠጥ፣ መቁረጫው በምን ፍጥነት መሄድ እንዳለበት አስልቶ ለተማሪ ያስረዳል። ሁለተኛ ዲግሪ ለመቀጠልም መንገዱ ክፍት ነው።

ባለ ደረጃ 4ቱ የቴክኒክና ሙያ ሠልጣኝ ግን የብቃት ምዘና (ሲኦሲ) ሲወስድ በጽሑፍ ብቻ አይለቀቅም፤ በመዛኝ ፊት ሠርቶ ያሳያል። እኔን የሚያሳምነኝ ይህ ነው። ቶርኖ (ብረትን እያሽከረከረ የሚቀርጽ ማሽን) ላይ ብረቱን አጥብቆ የማጥበቂያውን ቁልፍ ሳይነቅል ማሽኑን የሚያስነሳ ሰው ቁልፉን እንደ ጥይት ያስወነጭፈዋል። ይህን አደጋ የምርጫ ጥያቄ ላይ በትክክል ማክበብ ይቻላል፤ ቁልፉን የሚነቅለው ግን የለመደ እጅ ነው።

ምርምር ለሚታገዝበት ቦታ ዲግሪው ይቅደም፤ አልከራከርም። የመጀመሪያ ዓመት ልጆች ማሽን ለሚነኩበት ክፍል ግን ባለ ደረጃ 4ቱን እመርጣለሁ። ባለ ዲግሪውንም ቢሆን ቶርኖው ፊት ሳያቆሙ መቅጠር በልጆቹ ጣት መጫወት ነው።