ለአውቶቡስና ለቤተ ክርስቲያን የበቃ፣ ለፏፏቴና ለባሕር ዳርቻ ግን ያልበቃ ባለ 40 ሊትር የጀርባ ቦርሳ

ለሰባት ሳምንት በጀርባዬ የተሸከምኩት ቦርሳ 40 ሊትር የሚይዝ፣ ባዶውን 1.4 ኪሎ ግራም የሚመዝን፣ ቁመቱ 55፣ ወርዱ 35፣ ጥልቀቱ 22 ሴንቲ ሜትር የሆነ የናይለን ቦርሳ ነው። ጉዞው በአነስተኛ ወጪ፣ ከአንዱ የክፍለ ሀገር ከተማ ወደ ሌላው በሕዝብ ማመላለሻ እየተሸጋገርኩ፣ አብያተ ክርስቲያናትን፣ ፏፏቴዎችንና የባሕር ዳርቻዎችን እየጎበኘሁ ያደረግሁት ስለነበር፣ ቦርሳው ያላየው መከራ ጥቂት ነው። የአምራቹን ስም ሆን ብዬ ትቼዋለሁ፤ ከዚህ በታች የምዘረዝራቸው ጉድለቶች አብዛኞቹ በዚህ መጠንና በዚህ አሠራር በሚመረቱ ቦርሳዎች ላይ በብዛት የሚታዩ ስለሆኑ፣ ገዢው ሊመረምር የሚገባው የስፌቱን፣ የዚፑንና የመቀነቱን ዓይነት ነው።

አስቀድሞ ስለ መጠኑ። በቦርሳ ላይ የሚጻፈው የሊትር ቁጥር ብዙ ሰው እንደሚያስበው ቀጥተኛ ልኬት አይደለም። አንዳንድ አምራቾች ኤ.ኤስ.ቲ.ኤም. ኤፍ 2153 የተባለውን መለኪያ ተከትለው፣ ዲያሜትራቸው 20 ሚሊ ሜትር የሆነ ትንንሽ የፕላስቲክ ኳሶችን ቦርሳው ውስጥ በመሙላትና ከዚያም በመስፈር ይዘቱን ያረጋግጣሉ፤ ሌሎቹ ግን ቁመቱን፣ ወርዱንና ጥልቀቱን አባዝተው የሚያገኙትን ይጽፋሉ፤ በጎን ያለውን የውኃ ጠርሙስ ማስቀመጫ መረብ ጭምር የሚቆጥሩም አይታጡም። ከላይ የሰጠሁትን ልክ የሚያባዛ ሰው ከ42 ሊትር ትንሽ የበለጠ ያገኛል፤ የቦርሳው ማዕዘኖች ክብ መሆናቸውን ስናስብ 40 የሚለው ቁጥር የተጋነነ አይደለም ማለት ነው። በተግባር አራት ቅያሪ ልብስ፣ አንድ ሹራብ፣ የዝናብ ጃኬት፣ ነጠላ ጫማ፣ ፎጣ፣ የመታጠቢያ ዕቃ፣ ቻርጀርና አንድ ወፍራም መጽሐፍ ይዞልኛል። ሁሉም ሲገቡ ክብደቱ 9 ኪሎ ግራም ሆነ።

የዚህ መጠን ትልቁ ጥቅም በመንገድ ላይ ነው የታየኝ። ዓለም አቀፉ የአየር ትራንስፖርት ማኅበር ለእጅ ሻንጣ በመመሪያነት ያስቀመጠው ልክ፣ እጀታውና የጎን ኪሱ ተቆጥሮ፣ 56 በ45 በ25 ሴንቲ ሜትር ነው፤ ቦርሳው በዚህ ውስጥ ይገባል። ይሁን እንጂ መመሪያው አየር መንገዶችን የሚያስገድድ ስላልሆነ፣ በተለይ ርካሽ ትኬት የሚሸጡት የየራሳቸውን ጠበቅ ያለ ልክና ክብደት ያወጣሉ፤ የፊት ኪሱ ጢም ብሎ ሲሞላ ደግሞ ጥልቀቱ ከ22 ሴንቲ ሜትር ማለፉ አይቀርም። በአውቶቡስና በሚኒባስ ላይ ግን ክርክር አልገጠመኝም። ቦርሳው በጉልበቶቼ መካከል ወይም ከወንበሩ ሥር ስለሚቀመጥ፣ ጣሪያ ላይ አይወጣም፤ በየፌርማታው ማን ምን እንደሚያወርድ በመስኮት አንገቴን አውጥቼ መጠበቅም አላስፈለገኝም። 65 ሊትር ይዞ አብሮኝ የተጓዘው ጓደኛዬ ይህን ዕድል አላገኘም፤ በአንድ ረጅም መንገድ ላይ ሻንጣው ጣሪያ ላይ ሆኖ ዝናብ ሲወርድበት እርሱ ከታች ተቀምጦ ያዳምጥ ነበር።

ወደ ዋናው ነገር ልግባ፤ እርሱም የወገብ መቀነቱ ነው። የጀርባ ቦርሳ ዋጋ የሚወሰነው በትከሻ ማንገቻው ስፋት የሚመስላቸው ገዢዎች ብዙ ናቸው፤ እኔም ከእነርሱ አንዱ ነበርኩ። አሜሪካዊው ዲክ ኬልቲ እ.ኤ.አ. በ1952 ባቋቋመው ድርጅት አማካይነት የአሉሚኒየም ደጋፊና የወገብ መቀነት ያላቸውን ቦርሳዎች ለገበያ ካስተዋወቀ ወዲህ፣ ሸክም ከትከሻ ወደ ዳሌ መተላለፍ እንዳለበት በሙያው የታወቀ ሆኗል። ነገሩ የሚሠራው እንዲህ ነው፦ በቦርሳው ጀርባ ውስጥ ያለው ጠንካራ ደጋፊ ክብደቱን ወደ ታች ይመራል፤ መቀነቱ ደግሞ በዳሌ አጥንት የላይኛው ጠርዝ ላይ ተጠምጥሞ ይቀበለዋል፤ ትከሻ የሚቀረው ሥራ ቦርሳው ወደ ኋላ እንዳይንጋለል መያዝ ብቻ ይሆናል። ደጋፊ የሌለው ቦርሳ መቀነት ቢኖረውም እንኳ ሲጫን ስለሚተጣጠፍ ሸክሙን ማስተላለፍ አይችልም። ለግምገማ የቀረበው ቦርሳ አንድ የአሉሚኒየም ዘንግና ስስ የፕላስቲክ ሰሌዳ አለው፤ ለ9 ኪሎ ግራም ይህ በቂ ሆኖ አግኝቼዋለሁ፤ ውኃና ምግብ ጨምሬ 12 ኪሎ ግራም ሲደርስ ግን ሰሌዳው መጉበጥ ጀመረ።

እዚህ ላይ አንድ ከባድ ችግር አለ። ቦርሳው የሚመረተው በአንድ የጀርባ ልክ ብቻ ነው። የቦርሳ ልክ የሚወሰነው በሰው ቁመት ሳይሆን፣ አንገት ዝቅ ሲል ወጣ ብሎ ከሚዳሰሰው የአከርካሪ አጥንት ጀምሮ እስከ ዳሌ አጥንት ጠርዝ ድረስ ባለው ርቀት ነው፤ ስለዚህ ቁመታቸው እኩል የሆነ ሁለት ሰዎች የተለያየ ልክ ሊያስፈልጋቸው ይችላል። የእኔ ርቀት 47 ሴንቲ ሜትር ስለሆነ መቀነቱ በትክክለኛው ቦታ ዐረፈ። ጀርባዋ ከእኔ አጠር ያለ አንዲት ተጓዥ ቦርሳውን ስትሞክረው ግን መቀነቱ ከዳሌዋ ወርዶ በእያንዳንዱ እርምጃ ጭኗን ይመታት ነበር። ከትከሻው በላይ ያሉት ትንንሽ ማጥበቂያዎችም ዝቅ ብለው ስለተሰፉ ቦርሳውን ወደ ጀርባ የመሳብ አቅማቸው ደካማ ነው፤ ለጌጥ የተቀመጡ ያህል ነው የምቆጥራቸው።

በአብያተ ክርስቲያናት ውስጥ ቦርሳው ካሰብኩት በላይ አገለገለኝ። በጠባብ መተላለፊያ ላይ ጀርባው ላይ ሸክም ያዘለ ሰው ዞር ባለ ቁጥር፣ ከኋላው መቅረዝ ይኑር የጸሎት መጽሐፍ የተቀመጠበት አትሮንስ አያውቅም፤ ስለዚህ ከደጃፉ ጀምሮ ቦርሳውን አውርዶ በእጅ መያዝ ወይም በደረት ማንገት ተገቢ ነው። ይህ ቦርሳ በጎኑ በኩል በስፖንጅ የተሸፈነ እጀታ ስላለው እንደ ሻንጣ አግድም ይያዛል፤ ዋናው ክፍልም ዙሪያውን የሚከፈት በመሆኑ፣ ትከሻና ጉልበት መሸፈን በሚጠየቅበት ቦታ፣ ለምሳሌ በቫቲካን የቅዱስ ጴጥሮስ ባዚሊካ እንደተለመደው፣ ሻርፑን ለማውጣት ሌላውን ዕቃ ሁሉ ወለል ላይ መዘርገፍ አያስፈልግም። ከላይ ብቻ የሚከፈት ቦርሳ ያለው ሰው የሚፈልገው ነገር ሁልጊዜ ከታች መሆኑን ያውቃል።

የማልታገሠው አንድ ነገር አለ፤ እርሱም የኮምፒውተር ኪሱ መዝጊያ ነው። የተሠራው ከቬልክሮ፣ ማለትም ሁለት ገጾቹ እርስ በርስ ተጣብቀው ከሚዘጉ ጨርቅ ነው። ስዊዘርላንዳዊው መሐንዲስ ጆርጅ ደ ሜስትራል ከውሻው ጋር ሲንሸራሸር ልብሱ ላይና የውሻው ጠጉር ላይ ከተጣበቀው ጨጎጊት ሐሳቡን ወስዶ እ.ኤ.አ. በ1955 የባለቤትነት መብት ያገኘበት ይህ ፈጠራ ብዙ በረከት እንዳለው አልክድም። ሆኖም ሰዎች በጸጥታ በሚጸልዩበት አዳራሽ ውስጥ ማስታወሻ ደብተሬን ለማውጣት ስከፍተው ያሰማው ድምፅ፣ የፊተኛው ረድፍ ላይ የነበሩትን ሁሉ አስዞረ። ከዚያ ቀን ወዲህ ደብተሩን በዚፕ በሚዘጋው የላይኛው ኪስ ውስጥ አደረግሁት፤ ይህም፣ ወደ ፊት እንደምገልጸው፣ ሌላ ችግር አመጣ።

ፏፏቴዎቹ የቦርሳውን ድካም ገለጹት። ከሥሩ ተጣጥፎ የተቀመጠ የዝናብ መሸፈኛ አለው፤ አምራቹም ይህን በትልቁ ያስተዋውቃል። መሸፈኛው ከላይ ወደ ታች ለሚወርድ ዝናብ የታሰበ ነው። የፏፏቴ ርጭት ግን ከላይ ብቻ አይመጣም፤ ነፋስ እየገፋው በጎን ይገባል፤ ከድንጋይ ነጥሮም ወደ ላይ ይነሣል። ይህን ለማወቅ 108 ሜትር ያህል ቁመት ኖሮት ጢሱ ከሩቅ እስከሚታየው እስከ ቪክቶሪያ ፏፏቴ መሄድ አያስፈልግም፤ ከሃያ ሜትር የማይበልጥ ፏፏቴ ሥር ሩብ ሰዓት መቆም ይበቃል። መሸፈኛው ጀርባን የሚነካውን ገጽ ክፍት ስለሚተወው፣ ውኃው በትከሻዬና በቦርሳው መካከል እየወረደ የጀርባውን ስፖንጅ አራሰው፤ ከዚያም በስፌቶቹ ቀዳዳ ወደ ውስጥ ገባ።

ችግሩ ጨርቁ አይደለም። ናይለኑ ከውስጥ በኩል ፖሊዩሬቴን የተባለ ውኃ የሚያግድ ፕላስቲክ ተቀብቷል፤ በጨርቁ መካከል ያለፈ ውኃ አላየሁም። ውኃው የሚገባው መርፌ በወጋው ቦታና በዚፑ ነው። ስፌቱ ከውስጥ በማሸጊያ ቴፕ አልተሸፈነም፤ የላይኛው ኪስ ዚፕም ውኃን ለጥቂት ጊዜ የሚገታ እንጂ የሚያግድ ዓይነት አይደለም። ማስታወሻ ደብተሬ ከቬልክሮው ሸሽቶ የገባው በዚያ ኪስ ውስጥ ነበር፤ የሦስት ሳምንት ጽሑፍ ረጥቦ ተበላሽቶ አገኘሁት። መፍትሔው ቀላልና ርካሽ ነው፦ አፉ ሦስት ጊዜ ተጠቅልሎ የሚዘጋ ውኃ የማያስገባ ከረጢት ገዝቶ ልብስና ሰነድን በዚያ ውስጥ ማድረግ፣ ከዚያም ቦርሳውን እንደፈለገ ይራስ ብሎ መተው። ለዚህ የሚወጣው ገንዘብ ከመሸፈኛው ይልቅ እጅግ ይጠቅማል።

ለማድረቅ ግን ትዕግሥት ያስፈልጋል። ወፍራሙ ስፖንጅ በጥላ ውስጥ ተሰቅሎ ሙሉ በሙሉ የደረቀው በሁለተኛው ቀን ማታ ነው፤ በዚያ መካከል የተለየ ጠረን አምጥቶ ነበር። እርጥቡን ቦርሳ ጠቅልሎ ማስቀመጥ ከሻጋታ ሌላ ተጨማሪ ጉዳት አለው፤ ፖሊዩሬቴን በሙቀትና በእርጥበት ውስጥ ሲቆይ ቀስ በቀስ እየፈረሰ የሚያጣብቅ ይሆናል፤ በመጨረሻም እንደ ቅርፊት ይላጣል። አሮጌ ቦርሳዎች ውስጣቸው ነጭ ብናኝ የሚያራግፈው በዚሁ ምክንያት ነው።

ወደ ፏፏቴ የሚወስዱ መንገዶች ብዙ ጊዜ ወንዝ ስለሚያቋርጡ አንድ ነገር ላስታውስ። በውኃ ውስጥ ሲሻገሩ የወገብና የደረት ማያያዣዎችን መፍታት ያስፈልጋል፤ ሰው ቢወድቅ ቦርሳው ከራሱ ጋር ወደ ታች እንዳይጎትተው በፍጥነት መጣል መቻል አለበት። የዚህ ቦርሳ ዘለበቶች ትልልቅና በእርጥብ ጣት የሚፈቱ በመሆናቸው እዚህ ላይ ምስጋና ይገባቸዋል። የደረቱ ዘለበት ውስጥ ፊሽካ ተሠርቶበታል፤ በተራራ ላይ የእርዳታ ጥሪ በደቂቃ ስድስት ጊዜ መንፋት እንደሆነ ስለማውቅ ፏፏቴው ሥር ሞከርኩት። ሃያ እርምጃ ርቆ የቆመው ጓደኛዬ ቀና ብሎም አላየኝም።

በባሕር ዳርቻ ላይ የዚፖቹ ጉዳይ ወሳኝ ሆነ። በዚፕ ጀርባ ላይ የሚገኘው ቁጥር ሲዘጋ ጥርሶቹ የሚኖራቸውን ስፋት በሚሊ ሜትር በግምት ያሳያል፤ የዋናው ክፍል ዚፕ 8 ቁጥር፣ የፊት ኪሱ ደግሞ 5 ቁጥር ነው። ትልቁ ሰባቱንም ሳምንት ያለ ችግር አገለገለ። ትንሹ ግን በአምስተኛው ሳምንት ተዘግቶ ከኋላው መከፈት ጀመረ። እንዲህ የሚሆነው ብዙውን ጊዜ ጥርሱ ስለተሰበረ አይደለም፤ አሸዋ በተንሸራታቹ ራስ ውስጥ ገብቶ እንደ ሞረድ ብረቱን ስለሚበላው፣ ራሱ ይላላና ጥርሶቹን አጥብቆ ማገናኘት ያቅተዋል። የባሕር ጨው ደግሞ ብረቱን ያዝገዋል። ተንሸራታቹን ግራና ቀኙን በፒንሳ በጥንቃቄ ጫን ጫን ሳደርገው እንደገና ያዘ። ከዚያ በኋላ ከባሕር በተመለስኩ ቁጥር ዚፖቹን በጨው አልባ ውኃ አጥቤ፣ በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ ጠርጌ፣ ሲደርቁ ሻማ አሸሁባቸው። የጀርባው መረብ አሸዋ መያዙን ግን የሚያስቀር ዘዴ አላገኘሁም፤ ላብ ባለበት ትከሻ ላይ የአሸዋ ወረቀት ይሆናል። ከዚህም ሌላ ዋኝቶ ለመመለስ የሚበቃ ተነቃይ ትንሽ ቦርሳ አብሮት ስለማይመጣ፣ ታጥፎ ኪስ የሚገባ አንድ ተጨማሪ መያዝ ግድ ነው።

ስለ ኪሶቹ አደረጃጀት፣ ስለ ቀለሙና ስለ ጠርሙስ መያዣው የምለው ብዙ የለኝም፤ ሁሉም ተራና በቂ ናቸው።

በስድስተኛው ሳምንት የግራ ማንገቻው ሥር ያለው ስፌት መተርተር ጀመረ። ለአምራቹ የደንበኞች አገልግሎት ጻፍኩ፤ መልሱ በአራት ቀን መጣ፤ ትሕትናም ነበረው። ቦርሳውን አጥቤ፣ በራሴ ወጪ ብልክላቸው መርምረው እንደሚጠግኑልኝ ገለጹልኝ። ንብረቱ ሁሉ በዚያ ቦርሳ ውስጥ ላለ መንገደኛ ይህ ዋስትና ምን እንደሚጠቅም አልገባኝም። አንድ ጫማ ሰፊ በሰም በተቀባ ክር አምስት ጊዜ አመላልሶ ሰፋልኝ፤ ሥራው ከሩብ ሰዓት አልፈጀም፤ ያ ስፌት ዛሬም ከቀኙ፣ ከፋብሪካ እንደወጣ ካለው ስፌት ይልቅ የጠነከረ ነው።

የጀርባ ልኩ ከ45 እስከ 50 ሴንቲ ሜትር ለሆነ፣ ሸክሙን ከ10 ኪሎ ግራም በታች ለሚያደርግና አብዛኛውን ጊዜውን በከተሞችና በመንገድ ላይ ለሚያሳልፍ ሰው ቦርሳውን ያለ ማመንታት እመክራለሁ። ከዚያ አጠር ወይም ረዘም ያለ ጀርባ ያለው ሰው፣ ዋጋው ከፍ ቢልም፣ ልኩ የሚስተካከል ቦርሳ ቢፈልግ ይሻለዋል። ውኃና ባሕር የጉዞው ዋና ዓላማ ለሆኑበት ደግሞ ስፌቱ የታሸገና አፉ የሚጠቀለል ዓይነት ይሻላል። እኔ ይህንኑ ይዤ እቀጥላለሁ፤ የዝናብ መሸፈኛውን ግን አውጥቼ በቦታው ውኃ የማያስገባውን ከረጢትና ግማሽ ሻማ አስቀምጫለሁ።