ሂራጋና ላስነበቡኝ መምህር ምስጋና፣ በካትሱሺካ ለምትኖሩም ጥቆማ

ቶኪዮ ውስጥ በተለይ በካትሱሺካ ወረዳ ለምትኖሩ ወንድሞቼና እህቶቼ፣ ይህን ሳልጽፍ ብቀር ውለታ ቢስ እሆናለሁ።

ጃፓን እንደ መጣሁ ከፍዬ የገባሁበት የቋንቋ ትምህርት ቤት ነበር። ስሙን አልጠራም። ሙሉ ክፍያውን አስቀድመው ተቀበሉ፣ የሂራጋና፣ ማለትም የጃፓንኛ መሠረታዊ ፊደላት፣ ሰንጠረዥ አደሉን፣ «46ቱንም አጥንታችሁ ኑ» አሉን፤ በቃ። ከየፊደሉ ሥር ድምፁ በላቲን ስለ ተጻፈ ዐይናችን ሂራጋናው ላይ አርፎ አያውቅም። ስንጠይቅ መምህሩ ሰዓቱን ያያል። ገንዘቤን መልሱልኝ ስል ውሉን አሳዩኝ፤ ውሉ ደግሞ በጃፓንኛ ነው! ከዚያ በኢንተርኔት አስተምርሻለሁ ያለኝ ሰው ቀብድ ተቀብሎ ስልኩን ዘጋ። ሆድ ይፍጀው።

ልጄ ሳራ መዋዕለ ሕፃናት ስትገባ ጭንቀቴ ባሰ። እዚያ የልጁ ስም በየካልሲው፣ በየፎጣው፣ በየዳይፐሩ ሳይቀር ይጻፋል። በጎ ፈቃደኞች ቅዳሜ ጠዋት ጃፓንኛ እንደሚያስተምሩ የነገረችኝ ጎረቤቴ ናት፤ እግዜር ይስጣት።

የደረሱኝ ሴንሴይ (መምህር ማለት ነው) ጡረታ የወጡ እናት ናቸው። ሰንጠረዥ አልሰጡኝም። የልጄን ስም ጠየቁኝና ሁለት ፊደል ጻፉ፦ ሳ እና ራ። መጽሐፍ ላይ የተያያዘው ሳ በእጅ ሲጻፍ እንደሚለያይ አሳዩኝ፤ ያኛው ትምህርት ቤት ይህን እንኳን አልነገረንም። በሚቀጥለው ቅዳሜ ዳይፐሩን ከነማሸጊያው ይዤ እንድመጣ አዘዙኝ። ሌሎቹ ወደ ቤታቸው ሲሄዱ እኔና እሳቸው ወለሉ ላይ ተቀምጠን ቀረን። እኔ እየጻፍኩ ድምፁን እላለሁ፣ እሳቸው የጻፍኩበትን እያጣጠፉ ይደረድራሉ። የተንጋደደውን እንኳን «ይነበባል» ብለው አብረው አኖሩት። እንዲህ ያለ ትዕግሥት ከወላጅ እናቴ በቀር አላየሁም።

ንባቡንም በጭብጨባ ነው ያስተማሩኝ። ጃፓኖች ላልቶ «ኪቴ» ሲሉ «ና» ማለታቸው ነው፤ ጠብቆ ሲነገር ግን የፖስታ ቴምብር ነው። የመጀመሪያው ሁለት ጭብጨባ፣ ሁለተኛው ሦስት፤ የመሀሉ ጭብጨባ ላይ አፍ ዝም ይላል። ለዚያች ዝምታ እንኳን ትንሽ ፊደል አለቻት። እኛ በዓሉንም፣ «ገና አልደረሰም» የምንለውንም «ገና» ብለን እንደምንጽፍ ብነግራቸው ሳቁና ሁለቱንም አስጨበጨቡኝ። ማጥበቅና ማላላት በአፋችን ስላለ እኛ አንቸገርም፤ አትፍሩ። ሃ የተባለው ፊደል አንዳንዴ ለምን ዋ ተብሎ እንደሚነበብ ደጋግመው አስረድተውኛል። አልገባኝም፤ ዋ ብዬ አነባለሁ።

ትናንት የልጄ ሞግዚት በመልእክት ደብተሯ ላይ በሂራጋና «ሩዟን ሁሉ በላች» ብላ የጻፈችውን ማንም ሳያግዘኝ አነበብኩት። ባለቤቴ ከሥራ እስኪመጣ አልጠበቅኩም።

ሴንሴይ፣ ዕድሜና ጤና ይስጥልኝ! እባካችሁ ወገኖቼ፣ ገንዘባችሁን ከመበተናችሁ በፊት እሳቸው ዘንድ ሂዱ። ከመማሪያው ጽሑፍ ዋጋ በቀር የሚከፈል የለም፣ ልጅ ይዞ መምጣትም ይቻላል። ስማቸው በአደባባይ እንዲወጣ ስለማይፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፤ ቦታውን እነግራችኋለሁ። ሌላ ወረዳ ያላችሁ የወረዳችሁን ጽሕፈት ቤት ጠይቁ፣ እንዲህ ያለ ትምህርት በብዙ ቦታ አለ። ስትሄዱ እርሳስና ላጲስ ያዙ፤ በስክሪብቶ አያስጽፉም።