ፋሎይዲን፣ ላይፍአክት ወይስ ሲር-አክቲን?

ሰሞኑን ጥያቄው በዝቶብኛል። በሕይወት ባለ ሴል ውስጥ የአክቲን ክሮችን (ለሴሉ ቅርጽ የሚሰጡትን የፕሮቲን ክሮች) በማይክሮስኮፕ ማየት የፈለገ ጓደኛ ሁሉ "የቱን ልግዛ?" ይለኛል። መልሴ አንድ ነው፦ ላይፍአክት።

ብዙዎች ቀድመው የሚያስቡት ፋሎይዲንን ነው። ከመርዛማ እንጉዳይ የተገኘ፣ ሰባት አሚኖ አሲዶች ያሉት ፔፕታይድ ነው። ከሚያበራ ቀለም ጋር ተያይዞ ክሮቹ ላይ ይጣበቃል፤ ምስሉ ያምራል። ግን የሴሉን ሽፋን በራሱ አያልፍም። ሴሉን በፎርማልዲሃይድ ገድላችሁ፣ ሽፋኑን በስታችሁ ነው የምታስገቡት። በሕይወት ላለ ሴል ብላችሁ አትግዙት።

ዋጋውንም አስሉት። 300 ዩኒት ያለው ብልቃጥ፣ ለአንድ ስላይድ 5 ዩኒት ብታወጡ፣ 60 ስላይድ ሠርቶ ያልቃል። ከዚያ እንደገና ግዢ። እኔ ይህን ሽሽት አንዴ በግማሽ ዋጋ ገዛሁ። በማይክሮስኮፕ ሳየው ሴሉ ከነኒውክለሱ አረንጓዴ ሆኗል፤ ክር የሚባል የለም። ሳምንት ሙሉ አሠራሬን ስጠራጠር ከረምኩ። ከድሮው ብልቃጥ የቀረችኝን ጠብታ ስሞክር ክሮቹ ቁልጭ ብለው ወጡ።

ላይፍአክት በ2008 የወጣ፣ ከእርሾ ፕሮቲን የተወሰደ 17 አሚኖ አሲድ ነው። ከሚያበራው ፕሮቲን ከጂኤፍፒ ጋር ተያይዞ በፕላስሚድ (በትንሽ ክብ ዲኤንኤ) ይመጣል፤ ሴሉ ራሱ ይሠራዋል። ፕላስሚዱን አንዴ ከገዛችሁ በባክቴሪያ እያበዛችሁ ዓመታት ትጠቀሙበታላችሁ። ቋሚ ወጪያችሁ ፕላስሚዱን ወደ ሴል ማስገቢያው ኬሚካል ነው። እሱ ላይ አትሰስቱ።

እንከን የለውም አልልም። ሲበዛ የአክቲኑን ባሕርይ ራሱን ይለውጣል። ስለዚህ ደማቁን ሴል ተዉትና ደብዘዝ ያለውን ቅረጹ።

ፕላስሚድ አልቀበል ላለ ሴል ሲር-አክቲን የሚባል፣ አክቲን ላይ የሚጣበቅ የሚያበራ ቀለም አለ። ሽፋኑን ያልፋል፤ ጨምራችሁ መጠበቅ ብቻ ነው። ግን ውድ ነው። 50 ናኖሞል ያለው ቱቦ፣ በ1 ማይክሮሞላር ከሠራችሁ፣ 50 ሚሊ ሊትር መፍትሔ ብቻ ይወጣዋል። በ100 ናኖሞላር ግን 500 ሚሊ ሊትር። ከዝቅተኛው ጀምሩ። ክሮቹን አጥብቆ ስለሚያረጋ፣ ማነስ ለሴሉም ይበጃል።

ላይፍአክቱን ከሌላ ላቦራቶሪ በነፃ ካገኛችሁ፣ ከመጠቀማችሁ በፊት የዲኤንኤውን ቅደም ተከተል አስነብቡ። ለእኔ የተሰጠኝ አንድ ቱቦ ላይ "ላይፍአክት" ተብሎ ተጽፎበታል፤ ውስጡ ግን ላይፍአክት የሌለበት ጂኤፍፒ ብቻ ነበር።