በዋርክራፍት ክላሲክ ድሩይድ መጫወት ያዋጣል?

ድሩይድን (በጨዋታው ከሚመረጡት ክላሶች፣ ማለትም የገጸ ባህርይ ዓይነቶች አንዱን) የሚያጣጥሉ ሰዎች ሁሌም አንድ ነገር ነው የሚያነሱት። ታንክ (ከፊት ቆሞ ዱላ የሚቀበል) ከሆነ ዋሪየር የሚባለው ክላስ ይበልጠዋል፣ ሂለር (አካሚ) ከሆነ ፕሪስት ይበልጠዋል፣ ድብደባ ከሆነ ደግሞ ሮግ አለ። ሁለት ያባረረ አንድ አይዝም ነው ነገሩ። እውነት አላቸው። እኔ ግን ከድሩይድ ንቅንቅ አልልም። የማወራው ስለ ወርልድ ኦፍ ዋርክራፍት ክላሲክ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2004 ወጥቶ ሠሪው ብሊዛርድ በ2019 እንደገና ስለከፈተው የድሮው የኢንተርኔት ጨዋታ። በአዲሱ ላይ ድሩይድ ብዙ ተቀይሯል፣ እሱን ለሌላ ጊዜ።

ለማታውቁት፣ ድሩይድ መልኩን እየቀያየረ ነው የሚጫወተው። ድብ ሲሆን ዱላ ይችላል፣ ድመት ሲሆን ተደብቆ ይቧጭራል፣ በራሱ መልክ ሲቆም ያክማል። ድመት ይበሉት እንጂ ዘራችሁ ናይት ኤልፍ ከሆነ ጥቁር ግስላ ነው የምትመስሉት። ሌላው ድሩይድ መሆን የሚችለው ዘር በሬ መሰሉ ቶረን ብቻ ነው።

አጀማመሩ ይሰለቻል። እስከ ሌቭል 10 ድረስ ከሩቅ አስማት መወርወር ብቻ ነው። በ10 ድብ፣ በ20 ድመት ትሆናላችሁ። በ30 ላይ የሚመጣው የጉዞ መልክ ፍጥነታችሁን በ40 በመቶ ይጨምራል። ሌላው ሰው ሌቭል 40 ደርሶ ፈረስ እስኪገዛ ወርቅ ሲለቅም፣ እናንተ በነፃ ትሮጣላችሁ። ደስ ሲል!

የዚህ ክላስ ጥቅም የሚታየው ግን ነገር ሲበላሽ ነው። ዴድማይንስ የሚባለው የጠላት ዋሻ በቡድን ገብተን ሂለሩ እኔ ነበርኩ። ዋሪየራችን ቸኩሎ ሁለተኛ የጠላት ቡድን ጠራብንና ሞተ። በሌላ ሂለር ቢሆን እዚያው አለቀልን። እኔ ሪጁቬኔሽንን (ቀስ በቀስ የሚያክም አስማት) ራሴ ላይ ጣልኩና ድብ ሆንኩ። ድብ ሆኖ ማከም አይቻልም፤ ቀድሞ የተጣለው ሂል ግን ለ12 ሰከንድ መሥራቱን አያቆምም። ሜጃችንን (አስማተኛውን) ሊበሉት የተጠጉትን ጠላቶች አጉርምርሜ ወደ ራሴ ሳብኳቸው። ሁለቱ ወደቁ፣ የቀረውን ሜጁ በግ አደረገው። ያኔ ከድብነት ወጥቼ ሪበርዝ የሚባለውን ሙት የሚያስነሳ አስማት ለቀቅሁ። ዋሪየሩ ውጊያው ሳያልቅ ተነሳ! ሌሎች ሂለሮች ሙት የሚያስነሱት ውጊያ ካለቀ በኋላ ነው።

ታዲያ ይሄ ሁሉ በማና (በአስማት ጉልበት) ነው። ከመልክ መውጣት በነፃ ነው፣ መግባት ግን ማና ይበላል። ማናችሁን ከጨረሳችሁ እንደወጣችሁ ትቀራላችሁ፤ ያ ማለት በስስ ልብስ መሀል ሜዳ ላይ መቆም ማለት ነው። ድብ ወይም ድመት ሆኖ መድኃኒት መጠጣትም አይቻልም። ሪበርዝ ደግሞ በ30 ደቂቃ አንዴ ብቻ ናት። ሁሉም ሰው ሞቶ ካለቀ ሪበርዝን የጨረሰ ድሩይድ ማንንም አያስነሳም፣ እንደማንኛውም ሰው ፕሪስቱን ይጠብቃል። ይሄ እስከ ዛሬ ያናድደኛል።

ሻንጣ ደግሞ አይበቃም። የሂል ልብስ፣ የድብ ልብስ፣ የድመት ልብስ… የቆዳ ልብስ በወደቀ ቁጥርም ከሮጉ ጋር ዕጣ መጣጣል አለ። አንዴ አንዱ “አንተ ሂለር አይደለህ እንዴ?” ብሎ አኩርፎኝ ከፓርቲው ወጥቷል።

ሌቭል 60 ደርሳችሁ ባለ 40 ሰው ሬይድ (ትልቅ የቡድን ዘመቻ) ስትገቡ ሁለገብነቱ ያከትማል። አብዛኛው ጊልድ (የተጫዋቾች ማኅበር) ሂለር ሁን ይላችኋል። ለሁሉም ማርክ ኦፍ ዘ ዋይልድ (የሚያጠነክር አስማት) ታድላላችሁ፣ ኢነርቬት (ማና ቶሎ የሚሞላ አስማት) ለፕሪስቱ ትሰጣላችሁ፣ በቃ። በድመት ልግባ የሚል ሰው መከራውን ነው የሚያየው። የጥቃት ፍጥነትን ለ30 ሰከንድ በ50 በመቶ የሚጨምር፣ ሦስት ጊዜ ብቻ የሚሠራ ዱላ አለ። እሱን ለማግኘት የሌቭል 60 ጀግና የዝቅተኛ ሌቭል ዋሻ የሆነውን ኖሜሬጋንን እየተመላለሰ ያጸዳል። ለእኔ ይሄ ጨዋታ ሳይሆን ሥራ ነው። ታለንታችሁን (የመረጣችሁትን የክህሎት ድልድል) አፍርሳችሁ እንደገና ልሥራ ካላችሁም ዋጋው እየጨመረ ሄዶ በአንዴ 50 ወርቅ ይደርሳል።

በአሜሪካ ክፍያው በወር 14.99 ዶላር ነው፤ ለአዲሱም ለክላሲክም ያው ነው። ከሥራ በኋላ ሦስት አራት ጓደኛ ሆናችሁ ባለ አምስት ሰው ዋሻ የምትገቡ ከሆነ ያለ ምንም ማመንታት ድሩይድ ያዙ። ስሜ በዳሜጅ (ማን ብዙ እንደመታ በሚያሳየው) ዝርዝር አናት ላይ ካልታየ የሚል ሰው ግን ሮግ ይጀምር፣ ራሱንም እኛንም አያድክም።

አንድ ነገር ብቻ፦ ሪበርዝ የተክል ዘር ይፈልጋል። በሌቭል 20 ሜፕል ሲድ፣ በ30 ስትራንግልቶርን ሲድ፣ እንዲህ እያለ በየ10 ሌቭሉ ይቀየራል። የድሮው ዘር ለአዲሱ አይሠራም። ሻጩ ከተማ ነው ያለው፣ ዋሻ ውስጥ አታገኙትም።