አንድ ክረምት ያለፈበት የሣር ክዳን ቤት፦ ከእድሳት በኋላ ያለን ልምድ

ከጎንደር ወደ አዘዞ በሚወስደው አቅጣጫ የሚገኘው የአያቶቻችን ክብ ቤት ባለፈው የካቲት ታድሶ ካለቀ ወዲህ ቤተሰባችን እየኖረበት ነው። ይህን ግምገማ እስከ ጥቅምት ያዘገየሁት የሣር ክዳን ሐምሌና ነሐሴ ሳያልፉበት ሊመሰገንም ሊነቀፍም አይገባም ብዬ ስለማምን ነው። የጥዱን ምሰሶ፣ ወራጆቹን (ከጣራው ጫፍ ወደ ታች የሚወርዱትን እንጨቶች) እና አብዛኛውን ማገር (በአግድም የሚታሰረውን እንጨት) እንደነበሩ ትተን ክዳኑን ሰንበሌጥ በሚባለው ረጅም ሣር አዲስ አድርገን ቀይረናል፤ ሁለት መስኮቶች ከፍተናል፤ ግድግዳውን በኖራ አስለስነናል፤ ማብሰያውንም ወደ ውጭ አውጥተናል።

ከሁሉ አስቀድሜ የማመሰግነው ክዳኑን ነው። ከዳኙ የሰንበሌጡን እስር ከክፈክፉ፣ ማለትም ከግድግዳው አልፎ ከሚወጣው የጣራው የታች ጠርዝ፣ ጀምሮ ወደ ላይ ሲደራርብ የላይኛው እስር የታችኛውን ማሰሪያ እንዲሸፍን አድርጎ ስለሠራው፣ ዝናቡ በአገዳው ላይ እየተንሸራተተ ይወርዳል እንጂ ወደ ውስጥ አይሰርግም። ይህ የሚሆነው ግን ጣራው በቂ ተዳፋት ሲኖረው ብቻ ነው። ግድግዳውን ከፍ አድርገን ጣራውን ዘርጋ እንድናደርገው ሐሳብ በቀረበ ጊዜ፣ ከዳኙ ውሃ የሚያድርበት ሣር ይበሰብሳል ብሎ አሻፈረኝ ማለቱ ትልቅ ውለታ ሆኖልናል። በዚያው ግቢ ባለው የቆርቆሮ ክፍል ውስጥ ዶፍ ሲወርድ መደማመጥ አይቻልም፤ እዚህ ግን ልጆች እንቅልፋቸውን ይተኛሉ። በሣሩ መካከል የታመቀው አየርም የቀኑን ሙቀትና የሌሊቱን ብርድ ያለዝበዋል።

ብዙ እንዳስብ ያስገደደኝ የጭሱ ጉዳይ ነው። ማብሰያውን ያወጣነው ለእናታችን ዐይንና ለልጆቹ ሳንባ ስንል ነው፤ ውሳኔውን ዛሬም እደግፈዋለሁ። ነገር ግን በድሮው ቤት ምድጃው ከማብሰል ያለፈ ሥራ ነበረው። ሙቀቱ ክዳኑን ከውስጥ ያደርቀው ነበር፤ ጥቀርሻውም ወራጆቹንና ማሰሪያውን ለብሶ ነቀዝን ያርቅ ነበር። የአያቶቻችን ወራጆች ጠቁረውና ጠንክረው ሳይበሉ የቆዩት በዚህ ነው። ሐምሌ ሲጋመስ ከጉልላቱ ሥር የሻጋታ ሽታ መጣ፤ አዲስ በተጨመሩት የባሕር ዛፍ ማገሮች ላይ የነቀዝ ዱቄት ታየ፤ በጠቆሩት አሮጌዎች ላይ ግን ምንም አልነበረም። ስለዚህ አሁን በየሳምንቱ ቤተሰቡ ሁሉ ወጥቶ፣ አንድ አዋቂ ሰው ውሃ አዘጋጅቶ እየጠበቀ፣ በአሮጌው ምድጃ ላይ የወይራ ፍልጥ ያለ ነበልባል እናጨሳለን። ሽታው ጠፍቷል፤ ዱቄቱም ቀንሷል። የሣር ቤት ለማደስ የሚያስብ ሰው ማብሰያውን ከማውጣቱ በፊት የጭሱን ሥራ በምን እንደሚተካው እንዲወስን አጥብቄ እመክራለሁ።

ግድግዳውን በተመለከተ ሲሚንቶ ይሻላል ያሉን ግንበኞች ነበሩ። እኛ ግን የከተማችንን ግንቦች አየን። የፋሲል ግቢ ሕንፃዎች የተሠሩት በድንጋይና በኖራ ነው፤ በጣሊያን ወረራ ጊዜ፣ ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ባሉት ዓመታት፣ ለጥገና የገባው ሲሚንቶ ለጥንቱ ግንብ የማይስማማ ሆኖ በመገኘቱ በኋላ በተደረገው እድሳት በከፊል ተነሥቶ በኖራ ተተክቷል። ለድንጋይ ያልበጀ ነገር ለእንጨትና ለጭቃ ግድግዳ የባሰ ይሆናል፤ ምክንያቱም ሲሚንቶው እርጥበትን አፍኖ ይይዛል፣ ጭቃውም ከሥሩ እየለሰለሰ ልስኑ ይላቀቃል። የእኛ ኖራ በክረምቱ ጠቆር ብሎ ሰንብቶ መስከረም ሲጠባ ደርቆ ነጥቷል። ከበሩ መቃን አጠገብ ካለው ቀጭን ስንጥቅ በቀር ጉዳት አላየሁበትም።

መስኮቶቹ ቋሚ ሳይቆረጥ በቋሚዎች መካከል ስለተከፈቱ የጣራው ክብደት አልተዛባም፤ ሆኖም ክፈክፉ ሰፊ ስለሆነ ከሰዓት በኋላ ለማንበብ መብራት ያስፈልጋል። የኤሌክትሪክ ገመዱ በቱቦ ውስጥ ሆኖ በግድግዳው ላይ ብቻ ይሄዳል፤ ሣሩን የሚነካ ሽቦ የለም።

ትልቁ ችግር የሣሩ አቅርቦት ነው። የግጦሹ መሬት እየታረሰ በመሄዱ ረጅም ሰንበሌጥ በቅርብ አይገኝም፤ የሚታጨደውም በበጋው መግቢያ ስለሆነ አስቀድሞ ያልተዋዋለ ሰው በግንቦት ቢፈልግ የሚያገኘው አጭርና የተሰባበረ ሣር ነው። በወይራው ዛፍ ጥላ ሥር ያለው የክዳኑ ወገን ዘግይቶ ስለሚደርቅ መልኩ እየለወጠ መጥቷል፤ ቅርንጫፎቹን በዚህ ወር እንመለምላለን፤ ለዚያ ወገን የሚሆነውን ሣርም ከአሁኑ ከአጫጆች ጋር ተዋውለናል።